ሽፋኑ ላይ ያለው እጅ

ቋ... ቋ... ቋ።

ድምፁ የመጣው ከበረንዳው ነው። የከዘራ ጫፍ ሲሚንቶ ሲመታ የሚሰማ ዓይነት፤ የማይቸኩል፣ አንዴ ብሎ የሚያርፍ፣ ያረፈበትን የረሳ መስሎ ደግሞ የሚቀጥል ድምፅ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ስለነበር የማተሚያ ቤቱ ማሽኖች ሁሉ ዝም ብለዋል። ዝናብ ያረገዘ ደመና አሶሳን ከላይ ተጭኗታል። ገና የጁምዓ ሶላት መውጫ ሰዓት ሆኖ ሳለ ውስጠኛው ክፍል እንደ ዋሻ ጨልሟል። በዚያ ጨለማ ውስጥ ከከዘራው በስተቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም።

አንለይ የደብተሩን ጠርዝ በጥፍሩ እያለሰለሰ ነበር። እጁ ባለበት ቆመ።

«መጡልህ» አለ ከባንኮኒው ኋላ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ደባልቄ። ከዚያ የልጁን ፊት አየና ከንፈሩን መጠጠ። «ፊትህን አስተካክል እንጂ አንተ! የሬሳ ሳጥን ልታስረክብ ነው እንዴ? ደብተር ነው እኮ!»

አንለይ ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። ከከዘራው ኋላ ሌላ ኮቴ ይሰማል፤ ቀለል ያለ፣ የሴት ጫማ ኮቴ። ያንን ኮቴ ገበያ መሀል እንኳ ቢሰማው ይለየዋል። ወትሮ ሲሰማው ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ብድግ ይል ነበር። ዛሬ ግን ብድግ ያለውን ነገር ከፊት የሚመጣው ከዘራ እየመታ መልሶ የሚያስቀምጠው መሰለው።

ሁለቱ ድምፆች በሩ ላይ እስኪደርሱ ድረስ ነገሩ ከየት እንደመጣ እናውጋ።

አንለይ የሰፋሪ ልጅ ነው። ወላጆቹ በደርግ ዘመን ከወሎ መጥተው፣ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ የሰፈራ መንደር ጎጆ ቀልሰው፣ በቆሎና ማሽላ እያረሱ እሱን ወለዱ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲጨርስ የዩኒቨርሲቲ ነጥብ ሳይመጣለት ቀረ፤ ወደ ከተማ ገባ። ሥራው ወረቀት መቁረጥ፣ መጠረዝና ሽፋን መሥራት ነው። ቃል አያበዛም። ሰው ሲያወራው ጣቶቹ ባገኙት ቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ ነገር እየሳሉ ስለሚቆዩ ብዙዎች የሚያዳምጣቸው አይመስላቸውም። እሱ ግን ሁሉንም ይሰማል፤ ሰምቶም ለብቻው ይዞት ይዞራል።

ኢንዓም የሐጂ አብዱልረሂም ልጅ ናት። ሐጂ አብዱልረሂም ከአሶሳ ነባር የበርታ ነጋዴዎች አንዱ ናቸው። ገበያው ዳር ያለው ባለ ፎቅ የሳቸው ነው፤ ማንጎና ሰሊጥ ጭነው የሚወጡት መኪኖችም የሳቸው ናቸው። ልጅቷ ኮሌጅ ጨርሳ የተመለሰችው እንደሌሎቹ የቢሮ ሥራ ፍለጋ ለመዞር አልነበረም። የማንጎ ወቅት መግቢያ ላይ አንድ ቀን የተጠቀለለ ወረቀት በብብቷ ይዛ ማተሚያ ቤቱ ገባችና፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም፣ ባንኮኒው ላይ የነበረ አንድ ደብተር ብድግ አደረገች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ደብተር» አለ አንለይ።

«ደብተር መሆኑንማ አየሁ። ሽፋኑን ነው የምልህ። ይቺ በረዶ ላይ የምትንሸራተት ልጅ ማን ናት? አሶሳ ላይ በረዶ አይተህ ታውቃለህ?»

«አንዴ... ከዝናብ ጋር የወረደ ጊዜ» አለ አንለይ፣ ከልቡ አስቦ።

ሳቋ ከየት እንደፈነዳ አላወቀም። እስከዚያ ቀን ድረስ በሱ ንግግር የሳቀ ሰው አልነበረም። እሷ ስቃ ስትጨርስ የያዘችውን ወረቀት ዘረጋች፤ የቀርከሃ ሽመና፣ የማንጎ ቅጠል፣ ሴቶች የሚከናነቡት የቶብ ጨርቅ ጥለት፣ ሁሉም በእርሳስ የተሳለ። የኛ የሚመስል ደብተር፣ አጀንዳ፣ የምኞት መግለጫ ካርድና የገጽ ማመልከቻ መሥራት እፈልጋለሁ አለች። በክልሉ ያሉ ልጆች የሚጽፉበት ነገር ላይ የራሳቸውን አገር ቢያዩ ምን አለበት አለች። አንለይ እጁ ላይ የነበረውን ሙጫ ክፍት እንደተወው ረስቶ ቆመ፤ ሙጫውም ደርቆ ቀረ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ትመጣለች። ሲከራከሩ ያያቸው ሰው ጠበኞች ናቸው ይላል።

«ይሄ መጠን ትልቅ ነው» ትላለች። «ሴት ልጅ ቦርሳዋ ውስጥ የማይገባ ደብተር ቤት ይቀራል። ቤት የቀረ ደብተር ደግሞ የወንድሟ ይሆናል።»

«ካሳነስነው መስመሩ ይጠባል።»

«ይጥበብ! አጭር መጻፍ እንልመድ። ደግሞ ይሄ የሽቦ ጥራዝ ይቅር። የቶቤን ጫፍ ይዞ ሲተረትረው ማን ሊከፍለኝ ነው? በክር ስፋልኝ።»

«በክር ጊዜ ይፈጃል።»

«ጊዜ አለህ አይደል እንዴ?» ብላ ቀና ትላለች። በዚያ አተያይ ውስጥ ስለ ክር ያልሆነ ነገር ይኖራል። አንለይ ዓይኑን ወደ መርፌው ይመልሳል፤ መርፌው ግን አይታየውም።

የሽፋኑ ላስቲክ የሚያንጸባርቅ ይሁን ወይስ ፈዘዝ ያለ በሚለው አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ተጨቃጨቁ። «የሚያንጸባርቀው ጣት ያሳያል» አለች በመጨረሻ። «እዚህ አገር ማንጎ በልቶ ደብተር የማይዝ ማን አለ? የሌባ አሻራ ይመስላል።» ፈዛዛው ተመረጠ። ለፊት ሽፋን የቀርከሃው ሽመና ተመረጠ። የጀርባው ባዶ ሆኖ ሲቀር አንለይ ምን እናድርግበት ብሎ ጠየቃት።

 ኢንዓም በእጇ ያለውን ቀለበት አዞረችው። የሟች እናቷ ቀለበት ነው፤ የብር ሆኖ አንዱ ጎኑ ትንሽ የተሸረፈ። «የፊቱን እኔ መርጫለሁ» አለች ቀስ ብላ። «የጀርባውን ላንተ ሰጥቼሃለሁ። የፈለግከውን አድርግ። አልጠይቅህም።»

ያን ቀን ሲለያዩ ሰማይ ጠራ ያለ ነበር። አንለይ ግን፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ የሆነ ውድ ነገር ተሸክሞ በሚያዳልጥ መንገድ የሚሄድ ሰው ፍርሃት ያዘው።

ፍርሃቱ ያለ ነገር አልነበረም። ሐጂ ለልጃቸው ቃል ሰጥተዋታል፤ ቃላቸው ግን ሁለት ጫፍ አለው። ናሙናዎቹን አይተው ከወደዱ ከፎቁ ሥር ያለውን መደብር ይሰጧታል፤ አሶሳ ተቀምጣ ሥራዋን ትሠራለች። ካልወደዱ ለቶንጎ ሰዎች እሺ ይላሉ። ቶንጎ ያለው ማህጁብ የሚባል ነጋዴ ሽማግሌ ከላከ ቆይቷል፤ መልስ እየጠበቀ ነው።

«ከወደደው እዚህ ነኝ» ብላው ነበር ኢንዓም፣ ወረቀት መቁረጫው አጠገብ ቆማ። «ካልወደደው ቶንጎ ነኝ። ስለዚህ አደራህን፣ ክሩ ጠበቅ ይበል።»

እናቱ፣ የሻረግ፣ ወሬው መንደር ድረስ ደርሷት ስልክ ደወለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። «ልጄ» አለችው፣ «አንተ የምታየው እሷን ነው። እኔ የማየው አባቷን ነው።» ሌላ ቃል ሳትጨምር ስለ ከብቶቹ አወራችውና ዘጋች።

አንለይ ለጀርባው ሽፋን የሳለው እጅ ነው። የኢንዓም ቀኝ እጅ፣ እርሳስ ጨብጦ፣ የተሸረፈው ቀለበት ሳይቀር። እሷን አስቀምጦ አልሳላትም፤ ሙጫ ስታቀብለው፣ ወረቀት ስትጠቁመው ያየውን ከልቡ አውጥቶ ነው። ስሎ ሲጨርስ የጎደለ ነገር ያለ መሰለው። ያኔ በልጅነቱ በመንደራቸው ያለፈ የሠርግ መኪና ትዝ አለው፤ በመስኮቱ የወጣ አንድ እጅ፣ በጥቁር ሂና አበባ እስከ ክርኑ ያጌጠ። ከዚያ የሚያምር እጅ አይቶ አያውቅም። ስለዚህ በኢንዓም ጣቶችና አንጓ ላይ ያንን አበባ፣ በቀጭን መስመር፣ ቅጠል በቅጠል ሳለበት።

ለማንም አላሳየም። ደብተር የሚያነሳ ሰው የሚያየው ፊቱን ነው፤ ጀርባውን ማን ያያል? እሷ ቤቷ ገብታ ለብቻዋ ስትሆን ገልብጣ ታየዋለች። ያኔ አፉ ያቃተውን ሁሉ ታውቃለች። እንዲህ ብሎ ነው ያሰበው።

የከዘራው ድምፅ ደፉ ላይ ቆመ።

«ሰላም አለይኩም፣ ደባልቄ።»

«ወአለይኩም ሰላም፣ ሐጂ! ይግቡ፣ ይግቡ። ጨለማውን አይዩብን። ግድቡ በክልላችን፣ ጨለማውም በክልላችን ሆኖብን እኮ ነው!»

ሐጂ አብዱልረሂም አልሳቁም። ረጅም ናቸው፤ በነጭ ጀለቢያቸው ላይ የጠቆረ ኮት ደርበዋል። መስኮቱ አጠገብ ያለውን ወንበር ራሳቸው መርጠው ተቀመጡና ከዘራውን በጉልበታቸው መሀል አቆሙት። ኢንዓም ከኋላቸው ገባች። የሎሚ ቀለም ያለው ቶብ ለብሳለች። አንለይን ያየችው ዓይን እስኪርገበገብ ለሚያህል ጊዜ ነው። ዓይኗ ይስቃል፤ ከሳቁ ሥር ግን ከዚህ በፊት ያላየባት ፍርሃት አለ።

«እህ» አሉ ሐጂ። «አሳይ።»

ኢንዓም ራሷ አሳየች። ካርዶቹን፣ የገጽ ማመልከቻዎቹን፣ የኪስ ደብተሯን አንድ በአንድ ጉልበታቸው ላይ አኖረች። ሐጂ ወረቀቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል አሹ፤ የሰሊጥ ጥራት እንደሚፈትሹት። ክሩን ጎተቱ። ክሩ አልተነቃነቀም።

«ይሄ ትንሽ ደብተር ማን ይገዛል?»

«ሴቶች፣ አቡይ» አለች አባቷን።

«ሴት ምን ይጽፋል?»

«አንተ የምትጽፈውን። ማን ወሰደ፣ ማን መለሰ፣ ማን ዋሸ።»

ጋሽ ደባልቄ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። ከሐጂ ጢም ሥር ግን የሆነ ነገር ተነቃነቀ። ፈገግታ ነበር። የሐጂ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ ልጃቸውንም እንደ ወንድ ልጅ ነው የሚጠሯት። «ይሄ ልጅ ነጋዴ ሆኗል፣ ማሻ አላህ» አሉ ወደ ደባልቄ። «እኔን ሊበልጥ ነው።»

ኢንዓም እንደገና አንለይን አየችው። በዚህ ጊዜ ዓይኗ ቆየ። አንለይ መደብሩ ታየው፤ የተከፈተ በር፣ የተደረደሩ ደብተሮች፣ በመካከላቸው እሷ። ያ ሁሉ በእጁ ሊነካው እስኪችል ቀረበው፤ ስለቀረበም ፈራው።

«ዋናው ይሄ ነው፣ አቡይ» አለች ኢንዓም፣ የመጨረሻውን ደብተር እያቀበለች።

አንለይ የሆነውን ያየው ቀስ ብሎ ነው፤ ዕቃ ከእጅ ሲያመልጥ እንደሚታየው። ሐጂ ደብተሩን ተቀበሉ። እጃቸው ከልጅነቱ ጀምሮ ቁርአን ሲከፍት፣ ከሱዳን የሚመጣ የንግድ ወረቀት ሲያገላብጥ የኖረ እጅ ነው። ስፌቱን ወደ ቀኛቸው አዙረው ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት። ዘወትር እንደሚያደርጉት። ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበብ የአረብኛ መጽሐፍ ሁሉ እንደሚያዘው።

አንለይ ከዚህ ሁሉ ወር ሥራ በኋላ ይህን አንድ ነገር አላሰበውም ነበር። እሱ በግራ በኩል ሰፍቶ፣ በግራ በኩል ለጥፎ፣ መደበቂያ ብሎ የመረጠው ገጽ ለእኚህ ሰው መግቢያው በር ነው።

የተሳለው እጅ ነው ከላይ የተገለጠው።

 ሐጂ ከኮታቸው ኪስ መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ። ቆርቆሮው ላይ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ተንጠባጠቡ፤ ከዚያ ዝናቡ እንዳለ ወረደ።

«ኢንዓም» አሉ። «ና።»

በቤታቸው ቋንቋ ሊሏት ይችሉ ነበር። በአማርኛ ያሉት ሁሉም እንዲሰማ ፈልገው ነው። ቀረበች። ቀኝ እጇን ያዙና በደብተሩ ላይ ካለው እጅ ጎን አስቀመጡት። ቀለበቱ ከቀለበቱ፣ ሽራፊው ከሽራፊው ገጠመ። ኢንዓም ሥዕሉን ያየችው ያኔ ነው። ቀለሟ ከፊቷ ሲሸሽ አንለይ ቆሞ አየው።

«ይሄ እጅ ማን ነው?» አሉ ሐጂ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነበር። ዝናቡ እየጮኸ እንኳ ተሰማ።

አንለይ ወደ ኢንዓም አየ። ጭንቅላቷን በጣም በትንሹ ነቀነቀች። አትናገር ያለችው መሰለው። መደብሩን አሰበ፣ ቶንጎን አሰበ፤ አንድ ቃል ብቻ ልጅቷን ሊያስቀርልኝ ይችላል ብሎ አሰበ።

«ከኢንተርኔት ያወረድኩት ነው፣ ሐጂ» አለ። «የማንም አይደለም።»

«አዎ፣ አዎ» አለ ጋሽ ደባልቄ ፈጥኖ። «ኢንተርኔት ላይ እጅ በሽ ነው፣ ሐጂ! እጅ ብቻ ነው ያለው።»

ኢንዓም ዓይኗን ከአንለይ ላይ አነሳች። ያኔ የነቀነቀችው ለሌላ እንደነበር ገባው። አትዋሽ ነበር ያለችው። ሊመልሰው ፈለገ፤ ቃሉ ግን ወጥቶ ክፍሉ መሀል ቆሟል።

«ማንም አይደለም» ሐጂ ደገሙት፣ ቅመሙን እንደሚቀምስ ሰው። «እሺ። ይሄ ሂና ታውቃለህ?»

«ለ... ለጌጥ ነው።»

«አይደለም። ሙሽራ ነው። እኛ ጋ ያላገባ ልጅ እንዲህ አይቀባም። ጥፍር ይቀባል፣ እሺ። እስከዚህ ድረስ» በጣታቸው የገዛ አንጓቸውን ለኩ፣ «እስከዚህ ሙሽራ ብቻ። ሰው ይሄን ያየ ለት፣ ይሄ ልጅ ሰው አለው ይላል። አሶሳ ሙሉ ይላል።»

 በልጅነቱ በመኪና መስኮት ያየው እጅ፣ ያ ሁሉ አበባ፣ አንለይ ውበት ብቻ ነበር ያለው። ሰው ሁሉ የሚያነበው ነገር መሆኑን ማንም አልነገረውም፤ እሱም አልጠየቀም።

ሐጂ ደብተሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረጉት። «ግን ቆንጆ ነው። ወላሂ ቆንጆ ነው። እጅ ማንም ካልሆነ፣ እኔ እወስዳለሁ። ደባልቄ!»

«አቤት፣ ሐጂ።»

«ደብተር ይቆይ። ካርድ ሥራ። የሠርግ መጥሪያ። ይሄን እጅ ፊቱ ላይ አድርግ።»

«የ... የማን ሠርግ፣ ሐጂ?»

«ኢንዓም። የቶንጎ ሰዎች መልስ ይፈልጋሉ። ዛሬ መልስ አለ። ኸላስ፣ አለቀ።»

«አቡይ!» አለች ኢንዓም። «ቃል ሰጥተኸኛል! ደብተሩን ወደድከው። አየሁህ፣ ስትስቅ አየሁህ፣ ወደድከው!»

«ወደድኩ» አሉ ሐጂ። «ደብተር ወደድኩ። የሚሠራው ልጅ ነው ያልወደድኩ።»

ከዚያ ወደ አንለይ ዞሩ። በፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የሚያስፈራውም ያ ነው።

«አንተ። እጅ ታውቃለህ። ካርድ ታውቃለህ። ምን መጠን ይሁን? የቱ ወረቀት? ምረጥ።»

 ጋሽ ደባልቄ ሲጨንቀው ሁልጊዜ እንደሚያደርገው፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ለሙሽራ ቤተሰቦች የሚለውን ይለው ጀመር። «የሚታጠፍ አለ፤ አንድ ገጽም አለ። ወርቅማ ጠርዝ ያለው አለ። ከነፖስታው ከሆነ ደግሞ...» ምን እያለ እንደሆነ የሰማው መሀል ላይ ደርሶ ነው። ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ።

የአንለይ እጆች ግን የለመዱትን አደረጉ። መሳቢያውን ከፍተው የመጥሪያ ካርድ ናሙናዎቹን አወጡ። ባንኮኒው ላይ ደረደሯቸው፤ ጠርዝ ከጠርዝ እኩል አድርገው። የራሱን እጆች የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ ቆሞ አያቸው። አንደኛው ካርድ ላይ ሁለት ልቦች፣ አንደኛው ላይ ሁለት ርግቦች። የኢንዓም እጅ በየትኛው ላይ እንደሚያምር ሳያስበው አሰበው። ያኔ ውስጡ አንድ ነገር ተቆረጠ።

«አልሠራም» አለ።

«ምን?»

«አልሠራም፣ ሐጂ። ዋሽቻለሁ። እጁ የሷ ነው።»

«አንለይ! ዝም በል አንተ!» አለ ጋሽ ደባልቄ።

«ዝምማ ብያለሁ፣ ጋሼ። ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ብያለሁ፤ ያመጣብኝም ይኼው ነው።» ወደ ሐጂ ዞረ። «ሐጂ፣ እኔ ነኝ የሳልኩት። እሷ አላየችውም፤ አሁን ከእርስዎ ጋር ነው ያየችው። ሂናው ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሙሽራ ላደርጋት ብዬ አይደለም። ያማረ እጅ አየሁ፤ የማውቀውን ያማረ ነገር ሁሉ ልጨምርበት ብዬ ነው። ሌላ የምሰጠው አልነበረኝም። እወዳታለሁ። ቀን ወረቀት ስቆርጥ እወዳታለሁ፤ ክር ሳጠብቅ እወዳታለሁ። ይቅጡኝ፤ ከዚህ ከተማ ውጣ ይበሉኝ። የሷን ሥራ ግን በኔ ጥፋት አያፍርሱ። ደብተሩ ንጹህ ነው። ጀርባውን ይቅደዱትና ሌላ ይለጠፍበት።»

ሐጂ መነጽራቸውን አወለቁ። ልጁን አዩት። አንለይ ዓይኑን አልሰበረም።

«አሁን እውነት ተናገረ» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው ያህል። ፊታቸው ላይ ያለፈውን ነገር አንለይ ሊያነበው አልቻለም። እርጅና ይመስል ነበር። ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ኢንዓም። እኔ ሰማሁ። እሱ ተናገረ። አሁን አንተ ተናገር። ይሄ ልጅ ጀርባውን ከየት አገኘ? ሰርቆ ነው? ወይስ አንተ ሰጠህ?»

 አልጠይቅህም ያለችው ቀን፣ ቀለበቷን ያዞረችው ቀን፣ ሁሉም አንለይ ፊት ቆመ። ሰጠሁት ካለች በአባቷ ፊት፣ በከተማው ፊት ራሷን በራሷ ሂና ቀባች ማለት ነው። አልሰጠሁትም ካለች እሱ ሌባ ነው። ሌባ መሆንን በዚያች ደቂቃ ተመኘው። ሰርቋል በይ፣ አላት በዓይኑ፤ በይና እዚህ ቅሪ።

ኢንዓም ግን ሁለቱንም አላየችም። ደብተሩን ከአባቷ ጉልበት ላይ አነሳች። ፊቱን አየች፤ የቀርከሃውን ሽመና፣ በገዛ እጇ የሳለችውን። ገለበጠችው። ሌላ ሰው የሳለውን እጇን አየች፤ አበባውን፣ ቅጠሉን፣ እስከ አንጓዋ የወጣውን ጥቁር ሐረግ። በጣቷ ነካችው፤ ይለቅ እንደሆነ እንደምትሞክር። አልለቀቀም። ከዚያ ዓይኗ ባንኮኒው ላይ እኩል ወደተደረደሩት የሠርግ ካርዶች ሄደ፣ ማን እንደደረደራቸውም ታውቃለች። እዚያ ብዙ ቆየ።

«ተናገር እንጂ» አሉ ሐጂ። በዚህ ጊዜ ድምፃቸው ልመና ይመስል ነበር።

«ኢንዓም» አለ አንለይ።

ስሟን በሰው ፊት ሲጠራ ያ የመጀመሪያው ነበር። ቀና አለች። አንለይ በዚያ ፊት ላይ ፍቅርን ፈለገ፤ ቁጣንም ፈለገ፤ እንባ እንኳ ቢያገኝ ይበቃው ነበር። ያገኘው ከውስጥ ተቆልፎ መብራቱ የጠፋ ቤት ነው።

ደብተሩን ከካርዶቹ አጠገብ አኖረችው። በቀኝም በግራም እንዳይከፈት አድርጋ፣ በጠርዙ ቀጥ አድርጋ አቆመችው፤ ለቅጽበት ቆሞ ቆየና ራሱ ወደቀ። አላነሳችውም፤ ወደ በሩ ሄደች።

«ልጄ፣ ዝናብ ነው እኮ!» አለ ጋሽ ደባልቄ።

ከበረንዳው ሥር የቆመው የሐጂ መኪና ሾፌር ስትወጣ አይቶ በሩን ከፈተላት። አልፋው ሄደች። ወደ ቤታቸው በሚወስደው መንገድ አልታጠፈችም፤ ወደ ገበያውም አልታጠፈችም። የአንለይ መንደርም ቶንጎም ወዳሉበት፣ ወደ ባምባሲ በሚወጣው መንገድ፣ ጎርፉ መሀል፣ ሳትሮጥና ሳትዞር ሄደች፤ የሎሚ ቀለም ያለው ቶቧ ዝናቡ ውስጥ እየደበዘዘ፣ እየደበዘዘ እስኪጠፋ ድረስ።